ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣ ፀጉር፦ የሽበት፣ የትዝታና የኀዘን ኢንስታሌሽን እንዴት ይሠራል?

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ፀጉሯን የምታበጥረው ጠዋት ጠዋት ነው፤ ደሴ፣ ሆጤ፣ ጭቃ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ። ከሚዶዋ ጥርስ መሀል የቀረውን ፀጉር ለቅማ ታወጣለች። አመልካች ጣቷ ላይ ትጠቀልለዋለች። እንትፍ እንትፍ ትልበትና ከበሩ ጀርባ ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቀዋለች። "ሜዳ ላይ አይጣልም ልጄ፣ ክፉ እጅ ያገኘዋል" ትል ነበር።

ካረፈች በኋላ ቤቱን ልናድስ ልስኑን ስናስነሳ ፀጉሯ ወጣ። አንድ ሁለት አይደለም። ቆጠርነው፤ 61 ድቡልቡል። ከፊት ያለው ነጭ ነው። ከእሱ ኋላ ገብስማ። ከሥር፣ ጭቃው ውስጥ የተቀበረው፣ ጥቁር። እርጅናዋ በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ተራ በተራ ተደርድሮ ነበር። የሚለስነው ልጅ ማንኪያውን ይዞ ቀጥ አለ። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ አንድ በአንድ ተቀበለችው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከዚያ ነጠላ ላይ ነው የተነሣው። ይህን መመሪያ የምጽፈው የራሱን ሰው ለማስታወስ ይህን ዓይነት ነገር መሥራት ለሚፈልግ፣ ግን ከየት እንደሚጀምር ለቸገረው ሰው ነው።

በቅድሚያ "ኢንስታሌሽን" ስለሚለው ቃል። ሥዕል ፊት ትቆማላችሁ፤ ኢንስታሌሽን ውስጥ ግን ትገባላችሁ። ክፍሉ፣ ብርሃኑ፣ ሽታው፣ ወለሉ፣ እናንተ ስትራመዱ የሚነሣው ነፋስ ሳይቀር የሥራው አካል ነው። ፀጉርን በዚህ መንገድ የሠሩ ታላላቅ ሰዎች አሉ። ቤይሩት የተወለደችው ፍልስጤማዊት ሞና ሃቱም እ.ኤ.አ. በ1995 ቤልጂየም ውስጥ በአንድ አሮጌ የሴቶች ገዳም ለዓመታት ያጠራቀመችውን የራሷን ፀጉር አድቦልቡላ ወለሉ ላይ በተነችው፤ ነጠላ ነጠላውን ደግሞ ከጣሪያ አንጠለጠለችው። ኮሎምቢያዊቷ ዶሪስ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 በሠራቻቸው ጠረጴዛዎች ላይ የሰው ፀጉርና ሐር በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያሳለፈች ሰፋች፤ መነሻዋ በግጭት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ምስክርነት ነበር። ሁለቱንም አደንቃለሁ። ግን ፀጉር ኀዘን እንደሚሸከም ለማወቅ እነሱን መጠበቅ አላስፈለገንም። ለቅሶ ሲከብድ ራሳቸውን የሚላጩ እናቶች አሉን። አገራችን የት እንደሆነ ስንጠየቅ "እትብቴ የተቀበረበት" እንላለን። በሙስሊም ቤት ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ፀጉሩ ተላጭቶ በክብደቱ ልክ ብር (ማዕድኑ ወይም ዋጋው) ይመጸወታል። ወሎ ደግሞ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ወግ በአንድ ቤት ያሳደገ አገር ነው።

አንደኛ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ነገር

አንድ ሰው ምረጡ። "ስለ እናቶች ሁሉ" የሚል ሥራ ስለ ማንም አይሆንም። ቀጥሎ ከዚያ ሰው አካል የወጣ አንድ ነገር ምረጡ፦ ፀጉር፣ ጥፍር፣ የወለቀ ጥርስ፣ ወይም ላብ ያጠለቀው የትራስ ጨርቅ። ለጀማሪ ፀጉር ይሻላል። አይበሰብስም ማለት ይቻላል፣ ይታጠባል፣ ይፈተላል። ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ለማጠራቀም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በእርጅና ደግሞ ዝግ ይላል።

ደም አትጠቀሙ። እንግሊዛዊው ማርክ ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1991 ከአራት ሊትር በላይ የራሱን ደም አጠራቅሞ፣ ያንኑ አቀዝቅዞ የገዛ ጭንቅላቱን ቅርጽ ሠርቷል፤ ያ ሥራ ግን ዕድሜ ልኩን ከማቀዝቀዣ አይወጣም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሚሆን ነገር አይደለም። ሄፓታይተስና ኤችአይቪም በደም ይተላለፋሉ። ኀዘንን ለመናገር ማንንም አደጋ ላይ መጣል አያስፈልግም።

ፎቶ የሌለው ሟች ያለበት ቤት ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሙዚየማችን ተዘረፈ። በማውቃቸው ቤቶችም አልበሙ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የእናት ቀሚስ ሳይቀር ሄዷል። ሚዶ ግን ማንም አይሰርቅም። ሚዶውን ፈልጉ፤ ጥርሱ መሀል የሆነ ነገር ቀርቶ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ፈቃድ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከጠቅላላው ሥራ የሚከብደው ይሄ ነው። ከእኔም ጊዜ ትልቁን የወሰደው ይሄው ነው።

ሰውየው በሕይወት ካለ እሱን ራሱን ጠይቁ። "እማማ፣ ሲያበጥሩ የሚወጣውን ፀጉር ቢሰጡኝ አጠራቅሜ ሥራ እሠራበታለሁ" ብሎ ከመናገር ይጀምራል። መተት እንዳይሆን ይፈራሉ። አትሳቁ፣ አትከራከሩ። እናቲቱ ይህን ፀጉር ዕድሜ ልኳን ስትደብቀው ኖራለች። የሚያሳርፋት ክርክር አይደለም፤ ፀጉሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚነካው፣ መቼ እንደሚመለስላት ማወቅ ነው። "ከእጄ አይወጣም፣ ሲያልቅ ቆጥሬ እመልሳለሁ" በሏት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ሰውየው ካረፈ ቤተሰቡን በሙሉ ጠይቁ። አንድ እህት ከከፋት ሥራው ይቅር። ከአስከሬን ላይ ፀጉር አይቆረጥም፤ ቤት ውስጥ የቀረውን ብቻ ነው የምትወስዱት። በሙስሊም ቤተሰብ ከሰው የተለየ ፀጉርና ጥፍር ቢቀበር ይወደዳል። የሴት ፀጉር ከራስ ከተለየ በኋላም ለባዕድ ዓይን አይቀርብም የሚሉ ዑለማዎችም አሉ። ስለዚህ ሸይኻቸውን ጠይቁ። ክርስቲያን ቤት ከሆነ የንስሐ አባታቸውን። መልሱ "ይቅር" ከሆነ ይቅር። "አይታይ እንጂ ይሁን" ከሆነ መንገድ አለው፦ ፀጉሩን በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ ትሰፉታላችሁ። ተመልካቹ የሚያየው የተቋጠረውን ብቻ ነው። እኔ እንዲያውም ከተከፈተው ይልቅ የተቋጠረው ሲያስለቅስ አይቻለሁ።

ከፀጉር ቤት የምትሰበስቡ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ አይበቃም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት።

በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ ጻፉት፦ የማን ፀጉር፣ ስንት ድቡልቡል ወይም ስንት ግራም፣ የት ለስንት ቀን እንደሚታይ፣ ፎቶ ይነሣ አይነሣ፣ በመጨረሻ ምን እንደሚሆን። ማንበብ ለማይችሉ እናት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። አንዱን ቅጂ ለእነሱ ስጡ።

ሦስተኛ፦ መሰብሰብና ፀጉሩን ማንበብ

ከጤነኛ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፋል። 70 ብንል በወር 2,100 ነው። እያንዳንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጫፍ ለጫፍ 420 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ፀጉር ያስፈልገኛል ብላችሁ አትጨነቁ። የአንድ እናት የሁለት ወር ብጣሪ አንድ ክፍል ይሞላል።

በየሳምንቱ በተለየ ፖስታ አስቀምጡ። ፕላስቲክ ሳይሆን ወረቀት ይሁን፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዛል። ፖስታው ላይ ቀኑን ጻፉ።

አሁን አንዷን ዘለላ አንሡና መስኮት አጠገብ ሂዱ። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣታችሁ ይዛችሁ ሳቧት። ወደ ጫፏ ስትስቡ ታልማለች፤ ወደ ሥሯ ስትስቡ ትሻክራለች። በራሷ የረገፈች ከሆነች ሥሯ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ጥቅልል ፀጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ ትንሽ ይዘገያል። እንግዲህ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነች ዘለላ የሦስት ዓመት ማስታወሻ ናት። ሥሯ የቅርብ ጊዜ ነው፣ ጫፏ ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት።

ሽበትም እንዲሁ ይነበባል። አንዴ የወጣ ጥቁር ፀጉር ተመልሶ አይነጣም። ከሥሩ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ሲደክሙ ከዚያ በኋላ የሚያድገው ነው የሚነጣው። ስለዚህ ፈልጉ፤ ከጫፏ ጥቁር፣ ከሥሯ ነጭ የሆነች ዘለላ አትጠፋም። ከእምዬ 61 ድቡልቡሎች ውስጥ አራት እንዲህ ያሉ አገኘሁ። እነሱን ለብቻ አስቀመጥኳቸው፤ ለእኔ የሥራው ልብ እነሱ ነበሩ።

የለቅሶ ሥራ ከሆነ ደግሞ ይህን ልኬት ልብ በሉ። አንዲት ሴት በመርዶ ቀን ተላጭታ ከሆነ፣ በ40ኛው ቀን ተዝካር ሲወጣ ፀጉሯ 1.3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በሙት ዓመቱ 12፣ ማለትም ግማሽ ስንዝር ገደማ። ኀዘንን በሴንቲ ሜትር መለካት ይቻላል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር።

አራተኛ፦ ማጽዳት

ጓንትና ማስክ አድርጉ። ፀጉሩን ከስቶኪንግ ወይም ከስስ ጨርቅ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ አስገቡ፤ ያለበለዚያ ውሃ ውስጥ ተተብትቦ ይቀራል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሻምፖ እየጨመቃችሁ እጠቡ፤ አትሹት። በረኪና በፍጹም አይነካው፤ ፀጉርን ያሟሟዋል። መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ይሆናል፤ ስትገዙ ውሃውን እንጂ አሲዱን አለመሆኑን አረጋግጡ። በጥላ አድርቁት። ደሴ በሐምሌ ጉም ሲወርድ ሦስት አራት ቀን ይወስዳል። ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ይደርቃል።

ቀጥሎ ብል። ብል ፀጉርን እንደ ሱፍ ነው የሚበላው፤ እንቁላሉ ደግሞ አይታይም። የደረቀውን ፀጉር በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። መሀል ላይ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ። ስታወጡት ሳትከፍቱ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ላቡ ከፕላስቲኩ ውጭ እንዲቀር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሞቃት ናት፣ ብሉም ቶሎ ይራባል። እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

ጥፍርና ጥርስ ከሆነ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ነክራችሁ ማድረቅ ነው።

ቅቤውስ? የእምዬ ፀጉር ቅቤና አሪቲ ይሸት ነበር። ስታጥቡት ያ ሽታ ይሄዳል። ካላጠባችሁት ቅቤው ይበላሻል፣ ነፍሳትም ይጠራል። እኔ 60ውን አጠብኩ፤ አንዱን ሳላጥብ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ አኖርኩት። ሰው መጥቶ ሲጠይቅ ብቻ ክዳኑን እከፍታለሁ። ከሥራው ሁሉ ሰዎች የሚያስታውሱት ያንን ነው።

አምስተኛ፦ መፍተል

ፀጉር ብቻውን ያንሸራትታል፣ አይያያዝም። በጥጥ ነው የሚፈተለው። ከባዘቶው ትንሽ ቆንጥሩ። ላዩ ላይ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያንሱ ዘለላዎችን በቁመታቸው አሰልፉ። ልኩ አንድ እጅ ፀጉር ለሦስት እጅ ጥጥ ነው። ባዘቶውን እጥፍ አድርጋችሁ ወደ እንዝርቱ ስጡት። በጣታችሁ ትንሽ ውሃ ንኩ፤ እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል። ጥቁሩ ነጩን ጥጥ እየሰነጠቀ ሲወጣ ታያላችሁ። ነጩ ሽበት ግን ጥጡ ውስጥ ይጠፋል፤ በእጅ ሲዳሰስ ብቻ ነው የሚታወቀው። አንድ ልቃቂት ላይ ተመልካች እንዲዳስስ ፍቀዱ።

እጃችሁ ካልለመደ ፈታይ እናት ፈልጉ። እኔ ያገኘኋቸው እናት እየፈተሉ ስለ ልጃቸው አወሩኝ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ የእምዬ ብቻ መሆኑ ቀረ። ለድካማቸው ክፈሉ።

ጨርቅ የምታሸምኑ ከሆነ ድሩ ጥጥ ይሁን፣ የፀጉሩ ፈትል ማግ ይሁን። ድር ላይ ውጥረቱ ይበዛበታል፤ ይበጠሳል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን አትፈትሉት፤ በመዳፋችሁ አድቦልቡሉት።

ስድስተኛ፦ ግድግዳውን መገንባት

የእኔ ሥራ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ግን ከእኛ ቤት የሚቀርብ ነገር አላገኘሁም።

ከባህር ዛፍ ቋሚና ማገር 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ክፈፍ ሥሩ። ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክታችሁ ከሳምንት በላይ አሳድሩት፤ በየቀኑ ርገጡት። ሲሸት ደርሷል። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከለሰናችሁት ክብደቱ ከ200 ኪሎ ያልፋል፤ ወለሉን አስቡ፣ ከኋላ በወፍራም እንጨት አስደግፉት። ለፎቅ ቤት 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ከዚያ ተዉት። በበጋ ሦስት አራት ሳምንት። ሲደርቅ በራሱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በቢላ አትሥሩ፤ የተሠራ ስንጥቅ ያስታውቃል። በወጣው ስንጥቅ ውስጥ ድቡልቡሎቹን ከጥቁር ወደ ነጭ ወሽቁ። ጥቁሩ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ፊት።

ከግድግዳው ፊት ለፊት የተፈተሉትን ክሮች ከጣሪያ አውርዱ። ጣሪያው ላይ የዶሮ ሽቦ ወጥሩና በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ክር እሰሩ። መጀመሪያ ያሳየሁት በተከራየሁት አዳራሽ ነበር። በሩ ሲከፈት የጦሳ ተራራ ነፋስ ገባና ከመቶ በላይ ክር እርስ በርሱ ተተበተበ። ስፈታ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ክር ጫፍ የአተር ፍሬ የምታህል የጭቃ ዶቃ አስራለሁ። ነፋሱ ያወዛውዛታል እንጂ አያጠላልፋትም።

ሰባተኛ፦ ብርሃን፣ ድምፅ፣ እሳት

ፀጉር የሚታየው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ነው። አንድ የማይሞቅ ኤልኢዲ አምፖል ከግድግዳው ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ሌላውን አጥፉ። ሙዚየሞች እንዲህ ላለ ስስ ነገር 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያህል ነው የሚፈቅዱት። ይህም ሲመሽ እንዳለው ደብዛዛ ብርሃን ያህል ነው። ቀጥታ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ያደበዝዘዋልም።

ጧፍ፣ እጣን፣ የቡና ከሰል ከክፍሉ ውጭ ይሁን። ፀጉርና ጥጥ ቶሎ ነው የሚነደው። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ፤ ሰው ሲወጣ ይጠጣል።

ሙዚቃ አታስገቡ። ትዝታ የሚባለው ቅኝት ራሱ የእኛው ነው፤ አምባሰልና ባቲም እንዲሁ። ግን ዜማው ሲገባ ሰው የራሱን ሰው ትቶ ዜማውን ያለቅሳል። ሙሾ ደግሞ ከለቅሶ ቤት ሳያስፈቅዱ መቅዳት ነውር ነው።

ስምንተኛ፦ ሰው ሲገባ

ቦታው ትልቅ መሆን የለበትም። የእድር ዕቃ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ያልተከራየ ሱቅ ይበቃል። የእድር ዕቃ ቤት ውስጥ ስትሠሩ የተጣጠፈው ድንኳንና የተደረደረው ወንበር ራሱ ይናገራል።

በሩ ላይ ጻፉ፦ "እዚህ ውስጥ እውነተኛ የሰው ፀጉር አለ። በቤተሰብ ፈቃድ የተቀመጠ ነው።" ሳያውቅ የገባ ሰው ይደነግጣል፣ መብቱም ነው። የሟቹን ሙሉ ስም አትጻፉ። "የአንዲት አያት ፀጉር፣ ደሴ" ይበቃል። በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አታስገቡ።

ኀዘኑ ያልበረደለት ሰው ይመጣል። መቀመጫ ዱካና ውሃ አዘጋጁ። አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው በሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ "እግዜር ያጥናችሁ"፣ "አላህ ይዘንላቸው" ማለት የሚያውቅ። ስለ ጥበቡ ማብራራት ከጀመራችሁ ሰውየው እንባውን ይውጣል። ዝም በሉ።

ሥራው ከሳምንት በላይ ከቆየ በየሦስት ቀኑ በባትሪ እየፈተሻችሁ ብል ፈልጉ። ናፍታሊን አታስቀምጡ፤ የፀጉሩን ሽታ ይገድላል፣ ለሰውም አይበጅም።

ዘጠነኛ፦ መመለስ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይረሱታል። ከአካል የወጣ ነገር ስቶር ውስጥ አይጣልም፣ አይሸጥም። በጻፋችሁት ወረቀት መሠረት ይመለሳል።

ክሮቹን አውርዳችሁ በልቃቂት ጠቅልሉ። ድቡልቡሎቹን አንድ በአንድ ከስንጥቁ አውጡና ቁጠሩ። ሲገባ የነበረው ቁጥርና ሲወጣ ያለው አንድ መሆን አለበት። ግድግዳውን ውሃ አርከፍክፋችሁ አፍርሱት፤ ጭቃው ለጓሮ ይሆናል። ፀጉሩን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሉና ቤተሰቡ በመረጠው ቦታ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ። ዝናብ የማይሸረሽረው፣ ውሻ የማይቆፍረው ቦታ ይሁን።

እኛ ከጓሮው የኮክ ዛፍ ሥር ነው የቀበርነው። ስንቆጥር 60 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ 60። ወለሉን፣ ከረጢቱን፣ ብርጭቆውን ፈተሽኩ። ብርጭቆው ባዶ ነበር። ቅቤ የሚሸተውን ድቡልቡል እናቴ ወስዳዋለች። አዲሱ ልስን ከበሩ ጀርባ ተሰንጥቆ ነበር፤ እዚያ ወሽቃዋለች።